ለአንድ የሰፋ፣ ለሁለት የጠበበ ወንበር

«ነገ ና» የማይል ሶፋ ሠሪ አይታችሁ ታውቁ እንደሆነ እንጃ፤ ይሄኛው ግን አይልም። እንጨቱን በዓይኑ ለክቶ ይቆርጣል፣ ጨርቁን ወጥሮ ሲመታው አንድም ቦታ አይጨማደድም፣ በቀጠረው ቀን ያስረክባል። ያን ሰሞን ግን ጉድ ሆነ። አሥራ ሁለት ወንበር ተረክቦ አሥራ አንዱን በአንድ ሳምንት ጨረሰና በአሥራ ሁለተኛው ላይ አራት ቀን ሙሉ ቆሞ ቀረ።

የሰፈሩ ሰዎች እናቶቻቸውን ሊያመሰግኑ ተነሥተው ነበር። በሰፈሩ አዳራሽ ውስጥ አሥራ ሁለት ወንበሮች ይደረደራሉ፤ በየመደገፊያው የእናትየዋ ስም ይለጠፋል፤ እናት ትቀመጣለች፣ ልጅ ከኋላዋ ቆሞ ሁለት ቃል ይናገርላታል። የአዳራሹ ወንበሮች ስፖንጃቸው አልቆ ሽቧቸው መቀመጫ የሚወጋ ስለነበር እሱ በነጻ ላድሳቸው አለ። የዝግጅቱ ኮሚቴ ሰብሳቢ፣ ጡረታ የወጡ ፋርማሲስት ናቸው፣ መርቀውት ሲያበቁ አንድ ቅጽ ሰጡት።

«አንተም ከተመረጡት ልጆች አንዱ ነህ። የእናትህን ስም ጻፍና መልስልኝ።»

ቅጹ ላይ ያለው አንድ መስመር ብቻ ነው። ሶፋ ሠሪው ከዚህች መስመር ጋር የተጣላው አንደኛ ክፍል ሲገባ ነው። መምህሯ «እናትህ ማን ትባላለች?» ብትለው «የቀኗ ናት የማታዋ?» ብሎ ጠየቃት። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱ ግን እየቀለደ አልነበረም።

ሁለት ሴቶች ነበሩ። ሁለቱም የሆስፒታል ልብስ ማጠቢያ ክፍል ሠራተኞች፣ አንዷ በቀን ፈረቃ፣ አንዷ በማታ። ለሁለት አንድ ክፍል ተከራይተው፣ አንዷ ከአልጋው ስትነሣ ሌላዋ ትተኛበት ነበር፤ አልጋው ቀዝቅዞ አያውቅም። የማታ ፈረቃዋ ወለደች። አባትየው የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ «መጣሁ» ብሎ እንደወጣ ቀረ። ከዚያ ወዲያ ልጁም በፈረቃ ሆነ። ወላጁ ማታ ማታ ስለምትሠራ ቀኑን ከእሱ ጋር ናት፤ «የቀን እማዬ» አላት። ጓደኛዋ ቀን ስለምትሠራ ሌሊቱን አቅፋው ታድራለች፤ እሷን ደግሞ «የማታ እማዬ» አላት። የማታ እማዬ የራሷ ልጅ የላትም።

ልጁ ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፈው በማጠቢያ ክፍሉ በር ላይ ነው፣ ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓትና ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት። የክፍሉ ሕግ ጥብቅ ነበር። ወጪዋ ያለውንና የጎደለውን አንሶላ ሳትናገር፣ ገቢዋም «ተረክቤያለሁ» ሳትል ማንም ንቅንቅ አይልም። እነሱ ሕጉን ወደ ልጁ አዞሩት።

«ምሳ በልቷል። አንድ ቁልፍ ጎድሎታል። ትንሽ ያስለዋል። ጉልበቱ ተልጧል፣ አላለቀሰም።»

«ተረክቤያለሁ።»

ዘበኛው «እዚህ ልጅ ላይ የቀረው ማኅተም ብቻ ነው» እያለ ይስቅባቸው ነበር። ሁለቱ ሴቶች አብረው የሚታዩት ያኔ፣ በዚያ በር ላይ፣ ቆመው፣ ለአምስት ደቂቃ ነው። አብረው የተቀመጡበትን ቀን ሶፋ ሠሪው አያስታውስም።

ጡረታ ሲወጡስ? ባሰባቸው እንጂ! ልጃቸው ሁለተኛ አልጋ ሠርቶ፣ ምርጥ ፍራሽ አንጥፎ ወሰደላቸው፤ የታጠፈ ልብስ ደረደሩበት። የቀን እማዬ ዛሬም ማታ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲሆን ሹራቧን ለብሳ ትወጣለች፤ ግቢውን ዞራ ትመለስና ማእድ ቤት ቁጭ ብላ ታነጋለች። ጠዋት የማታ እማዬ ተነሥታ ወደ ጎረቤት ስትሄድ እሷ ትተኛለች። ስለ እሱ የሚያደርጉት ርክክብም አልቀረም ይባላል። እሱ ፊት ግን አያደርጉትም፤ የአርባ ዓመት ጎልማሳ ነውና ያፍራል ብለው።

ቅጹን ይዞ መጀመሪያ ወደ ወላጁ ሄደ።

«እሷን ጻፍ» አለችው፣ እንቅልፏን ሳትጨርስ። «እኔ ወለድኩህና ተኛሁ። ሌሊት ሲያተኩስህ ማን ነበር የሚነቃው?»

«የምርሽን ነው?»

«ምን ያስቀልደኛል?» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች። አሁን ይሄ እንቅልፍ ነው ወይስ ኩርፊያ? ሶፋ ሠሪው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ጀርባዋን ሲያይ ቆይቶ ቅጹን አጥፎ ወጣ።

ማታ ተመልሶ የማታ እማዬን ጠየቃት። ጭራሽ ተቆጣች።

«አብደሃል እንዴ አንተ ልጅ? ወላጅህ በቁሟ እያለች! ያልወለደች ሴት ወንበር ትሻማለች እንዲሉኝ ነው?»

«አንቺስ የት ልትሆኚ ነው?»

«ሻይ አቀርባለሁ። ሁሉም ከተቀመጠ ሻይ ማን ሊያቀርብ ነው?» ብላ ሳቀች፤ ሳቋ ግን መሃል ላይ ተቋረጠ። ያቺ የተቋረጠች ሳቅ አንጀቱን በላችው።

በነጋታው ሰብሳቢዋ ዘንድ ሄደ። «ሁለት ስም ብጽፍስ?»

«አንድ ልጅ፣ አንድ እናት! ሁሉ ሁለት ሁለት ካመጣ አዳራሹ ይበቃናል? ለመሆኑ ሁለተኛዋ ወልዳለች?»

«አልወለደችም።»

«እንግዲያስ!» አሉት፣ ልክ ከምግብ በኋላ የሚዋጥ ኪኒን እንደሚያዝዙ።

ከዚህ በኋላ የሚይዘው የሚጨብጠው ጠፋው። የአሥራ ሁለተኛው፣ ለእናቱ የቀረው ወንበር እንጨት በስብሶ ስለነበር ከአዲስ መሥራት ነበረበት። ለአንድ ሰው ሊቆርጥ ሜትሩን ሲዘረጋ የማታ እማዬ የሻይ ትሪ ይዛ ትታየዋለች፤ ለሁለት ሊቆርጥ ሲል የሰብሳቢዋ «እንግዲያስ!» ይመጣበታል። ጣቱን በመዶሻ መታ። በአራተኛው ቀን መቁረጡን ቆረጠው፣ እንዴት እንደቆረጠው ግን እሱም አያውቅም። ጨርቁን አልብሶ ራቅ ብሎ ሲያየው ለአንድ ሰው የሚሰፋ፣ ለሁለት ሰው የሚጠብ ነገር ወጥቶታል። በሥራ ዘመኑ እንዲህ ተሳስቶ አያውቅም። ለማፍረስ ጊዜ ስላልነበረ እንዳለ ጭኖት ሄደ፤ የስም ወረቀቱንም ባዶውን ለጠፈው።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?» አሉ ሰብሳቢዋ። «ወንበር ነው ሶፋ?»

«እኔም አላወቅኩትም» አለ። እውነቱን ነበር።

አሥራ አንዱ እናቶች ተቀመጡ፣ ልጆቻቸው ተናገሩ፣ ተለቀሰ፣ ተሳቀ። ተራው እሱ ላይ ደረሰ። «የሶፋ ሠሪው እናት!» ተብሎ ሲጠራ ከኋላ በኩል ግርግር ተሰማ። የቀን እማዬ የቤት ቀሚሷን እንደለበሰች መጥታለች፣ ጓደኛዋ ስትመሰገን ልታይ። የማታ እማዬም ሽርጧን ሳትፈታ፣ ትሪዋን እንደያዘች ቆማለች፣ እሷም ጓደኛዋን ልታይ።

«ሂጂ እንጂ፣ አንቺን እኮ ነው!»

«እኔን? ኧረ አንቺን ነው የጻፈው!»

ሁለቱም ወደ እሱ ዞሩ። «ማንን ነው የጻፍከው?»

«ማንንም አልጻፍኩም» አለ፣ ላቡን በእጅጌው እየጠረገ። ሌላ የሚለው ነገር ስላልመጣለት ትሪውን ተቀብሎ መስኮቱ ላይ አስቀመጠና ሁለቱንም በእጃቸው ይዞ ወሰዳቸው። ወንበሩ ላይ ተጣብቀው ተቀመጡ፤ እንደማይተዋወቁ የአውቶብስ ተሳፋሪዎች ፊት ለፊት ብቻ ያያሉ። ሰዉ ተንሾካሾከ። ሰብሳቢዋ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«ይቅርታ፣ በደንባችን መሠረት አንድ ልጅ...»

የግድግዳው ሰዓት ከማታው አሥራ ሁለት ሆነ። የቀን እማዬ ብድግ አለች። ሰዓቱ ነው፤ አዳራሽ ይሁን፣ ሰው ይኑር፣ እሷ እቴ! ወደ ጓደኛዋ ዞራ በዚያች በማጠቢያ ክፍል ድምፅዋ ጀመረች።

«ምሳ አልበላም። ዓይኑን እዪው፣ አራት ቀን አልተኛም። አውራ ጣቱን በመዶሻ መትቶታል፣ ለማንም አልተናገረም። ሌላው እንዳለ ነው።»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ፤ ፀጉሩ መሸበት የጀመረ ሰው እንደ አንሶላ ሲረካከቡት ማን አይስቅ? ከዚያ ሳቁ በራሱ ጊዜ በረደ። የማታ እማዬ ከወንበሯ ሳትነሣ ሽርጧን አስተካከለች። በየቀኑ የምትለውን ቃል እንዲህ በሞላ አዳራሽ ፊት ብላው አታውቅም። ፈቃድ እንደሚጠይቅ ሰው ሰብሳቢዋን አየች።

«በይ እንጂ» አለቻት የቀን እማዬ። «ካላልሽኝ እንዴት ልሂድ?»

«ተረክቤያለሁ» አለች የማታ እማዬ። ድምፅዋ ቀጠነ፤ ግን እስከ በሩ ድረስ ተሰማ።

የቀን እማዬ ራሷን ነቅንቃ ወደ በሩ ልትራመድ ስትል የማታ እማዬ ቀሚሷን ያዘቻት።

«ወዴት ነው? ዛሬ ፈረቃ የለም። ቁጭ በይ።»

«ይጠባል እኮ።»

«ይጥበብ።»

ተቀመጠች። ሰብሳቢዋ እስክሪብቷቸውን ከፍተው ባዶዋን ወረቀት ትንሽ አዩዋትና መልሰው ዘጉት። ሶፋ ሠሪው ከኋላ ቆሟል፤ ሰዉ ሁለት ቃሉን ይጠብቃል። ሁለቱም ዞረው ቀና ብለው አዩት፣ ሁለቱም ተቀምጠው፣ አንዳቸውም ሳይሄዱ። ማንኛቸውን አስቀድሞ እንደሚያይ ግራ ገባው።