እንግዶቹ ጭቃ የረገጡ ቀን

ባለፈው ሳምንት ስብሰባ ላይ ነበርኩ። ከወጣት መምህራኖቻችን አንዱ፣ የኪነ ጥበብ ትምህርት ክፍላችን እንዴት ዓለም አቀፍ ሊሆን እንደሚችል ጥናት አቀረበ። ልጁ ጎበዝ ነው፣ በደንብ ተዘጋጅቷል። ድረ ገጹ በእንግሊዝኛ ይሁን፣ የእንግዳ ማረፊያው ይታደስ፣ አቀባበላችን ይሻሻል አለ። ሁሉም ልክ ነው። እኔ ግን «አቀባበል» ሲል ሳቄ መጣብኝና በነጠላዬ ጫፍ አፌን ሸፈንኩ። ከጎኔ የተቀመጠችው ባልደረባዬ «ምነው ስመኝ?» ብላ ጎሸም አደረገችኝ። አቀባበል አሳምረን ጉድ ልንሆን የነበረበት ጊዜ ትዝ ብሎኝ ነው።

ያኔ እዚሁ ደብረ ታቦር የሥዕል ተማሪ ነበርኩ። ዩኒቨርሲቲው አዲስ፣ ትምህርት ክፍላችን ደግሞ ከአዲስም አዲስ ነበር። የምንማረው ድሮ የእህል መጋዘን በነበረ የጭቃ ቤት ውስጥ ሲሆን፣ የውጭ ግድግዳውን ክረምቱ ልጦ ልጦ ጨርሶት ነበር። ተማሪዎቹ ጥቂት ስለነበርን ክፍሉ ሊዘጋ፣ እኛም ወደየሌላው ልንበተን ነው እየተባለ ይወራል። እኔን እንቅልፍ የነሳኝ ይህ ነው። ከትውልድ ቀዬዬ ከገሳይ ስመጣ አባቴ ሥዕል ተምሬ ምን እንደምሆን ቢጠይቁኝ፣ አፌን ሞልቼ «መምህር እሆናለሁ» ብዬ ነው የወጣሁት። ክፍሉ ተዘግቶ ሒሳብ አያያዝ ቢመድቡኝ ምን ብዬ ነው ቤት የምገባው?

የክፍሉ ኃላፊ መምህር ደሳለኝ ቀጭን፣ ችኩል፣ ለሥራቸው የሚሞቱ ሰው ነበሩ። እሳቸው ተሯሩጠው ኬንያ ካለ አንድ የኪነ ጥበብ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተጻጻፉ። አንዲት መምህርት ተማሪዎቻቸውን ይዘው ሊመጡና የመጋዘኑን ግድግዳ ከእኛ ጋር በጋራ ሊሥሉ፣ ነገሩን ከወደዱትም በየዓመቱ ተማሪ መለዋወጥ ሊጀመር ተስማሙ። ያ ከሆነ ማን ደፍሮ ይዘጋናል? መምህር ደሳለኝ ሰብስበውን «ዕድላችን ይቺው ናት» አሉን። «እንግዶቹ ቅር ብሏቸው ከሄዱ አለቀልን።»

እንግዲህ የደብረ ታቦርን ሰው «እንግዳ ቅር እንዳይለው» ብሎ ማዘዝ ምን እንደሚያስከትል አስቡት።

እንግዶቹ ኅዳር ላይ መጡ። ገብሱ ታጭዶ፣ ጤፉ ለአጨዳ ደርሶ፣ ጠዋት ጠዋት ከጉና ተራራ የሚወርደው ብርድ ጣት የሚያደነዝዝበት ወቅት ነው። የከተማው ልጆች ፈረንጅ ይመጣል ሲባል ሰምተው ግር ብለው ወጥተው ነበር። ከሚኒባሱ እኛኑ የመሰሉ ጥቁሮች ሲወርዱ ግራ ገባቸው። አንዳንዱ ግን ከወጣሁ አይቀር ብሎ «ፈረንጅ! ፈረንጅ!» እያለ ጮኸ። አስተርጓሚዋ እኔ ነበርኩና ነገሩን ስነግራቸው፣ መምህርት ዋንጂሩ የሚባሉት ደልዳላ ሴት እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

ግድግዳው ከመሣሉ በፊት እንደገና መመረግ ነበረበት። አፈሩ ከጭድ ጋር በውሃ ይቦካል፣ ልስልስ እስኪል በእግር ይረገጣል፣ ከዚያ በእጅ ይመረጋል። ያውም በዚያ ብርድ። እንግዳን ጭቃ ያስረገጠ ሰው ደግሞ በእኛ አገር ሰው ተብሎ አይቆጠርም። ስለዚህ እኛ እንረግጣለን፣ እንግዶቹ ዳስ ውስጥ ተደርድረው ይበላሉ። በግ ታረደ፣ ድፎ ተደፋ፣ ማር መጣ። አንዱ ብድግ ሲል «ኧረ በማርያም! ቁጭ በል!» እንላለን። ባልዲ ሲያነሱ ከእጃቸው እንነጥቃለን። አኪኒ የምትባል ረጅም ልጅ እጅጌዋን ሰብስባ ወደ ጭቃው ብትጠጋ፣ አንዱ የክፍሌ ልጅ ወንበር ይዞ ከኋላዋ ሮጠ። እሷ ወደ ጭቃው በቀረበች ቁጥር ወንበሩም ይከተላታል። አንድ ቀንም ወንዛዬ ወስደን ፍል ውሃ አስገባናቸው። እንዴት ያለ ድንቅ አቀባበል ነው እያልን በራሳችን ስንኮራ ሰነበትን።

አንድ ቀን ጠዋት መምህርት ዋንጂሩ ለብቻዬ ጠሩኝ።

«ለኃላፊሽ ንገሪልኝ» አሉ። «ነገ ወደ ባሕር ዳር እንወርዳለን፣ ከዚያ ወደ አገራችን።»

ደንግጬ ጠየቅኳቸው። «ምን አጠፋን?»

«ምንም። ደግ ሰዎች ናችሁ። ግን ተማሪዎቼ የመጡት ለመሥራት ነው፤ እናንተ አንድ ነገር እንዲነኩ አልፈቀዳችሁም። አኪኒ ትናንት ስታለቅስ ነበር። ‹እጃችንን አላመኑትም› ትላለች።»

ለመምህር ደሳለኝ ስነግራቸው መንጎራደድ ጀመሩ። «ምን አጎደልንባቸው? ማሩን እንኳ ከጋይንት ድረስ ነው ያስመጣሁት!» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሌላ በግ ይታረድ እንዴ?» አሉኝ። ከልባቸው ነው የጠየቁኝ፣ አንጀቴን በሉት።

እኔ ግን አክስቴን አሰብኩ። ከገሳይ መጥቼ እሷ ቤት ያረፍኩ ሰሞን ከሚገባኝ በላይ አልጋ ተነጥፎልኝ፣ ከጉሮሮዬ በላይ ምግብ ቀርቦልኝ፣ ጥግ ይዤ አገሬ ናፍቆኝ አለቅስ ነበር። አንድ ቀን «አንቺ፣ ይህን ጄሪካን ይዘሽ ውሃ ቅጂልኝ እንጂ!» ብላ ጮኸችብኝ። ያን ቀን የቤቱ ልጅ ሆንኩ።

ወደ ዳሱ ሄጄ አኪኒን ክንዷን ያዝኩና «ጫማሽን አውልቂ» አልኳት። ዐይኗን አፍጥጣ አየችኝ። ከዚያ ጫማዋን እንዴት እንዳወለቀችው! መምህር ደሳለኝ «ስመኝ! አንቺ ልጅ፣ ልታዋርጅን ነው?» ብለው ሲንደረደሩ፣ መምህርት ዋንጂሩ ራሳቸው ቀሚሳቸውን ሰብስበው ጭቃው ውስጥ ገቡ። ሌሎቹም ተከተሉ። ብርዱ ሲነካቸው የጮኹት ጩኸት ጉና ድረስ ሳይሰማ አልቀረም።

ከቤተ ክርስቲያን የሚመለሱ ሽማግሌ መንገድ ላይ ቆመው በመቋሚያቸው ጠቆሙን።

«እናንተ ልጆች ምን ነካችሁ? እንግዳ ጭቃ ታስረግጣላችሁ?»

የክፍሌ ልጆች አንገታቸውን ደፉ። እኔ ከየት እንዳመጣሁት አላውቅም፣ «እንግዳ አይደሉም አባ፣ የእኛው ናቸው» አልኩ።

ሽማግሌው እንግዶቹን አዩ፣ ጭቃውን አዩ። «የእናንተው ከሆኑ ጭድ ጨምሩበት፣ ቀጥኗል» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። መምህር ደሳለኝም ሱሪያቸውን ሰብስበው ገቡ።

አኪኒ «የእናቴ ቤት እንዲህ ነው የተሠራው» እያለች በአገሯ ዜማ ታወጣለች፣ እኛ ቃሉን ሳናውቀው እንቀበላለን። ሲደክማት የእኛዎቹ ያወጣሉ፣ እነሱ ይቀበላሉ። በማግስቱ ወደ ባሕር ዳር የሄደ ሰው አልነበረም። ግድግዳው ሲደርቅ እነሱ የአገራቸውን ሐይቅ፣ እኛ ጣናን ሣልን፤ ሁለቱን መሀል ላይ አገናኘናቸው። የእነሱ ውሃ የት እንደሚያልቅ፣ የእኛ የት እንደሚጀምር ሥለንም አላወቅነውም። መምህርት ዋንጂሩ ሲሄዱ ስምምነቱን ፈርመው ሄዱ። ክፍሉም አልተዘጋ። በተከታዩ ዓመት ወደ እነሱ አገር ከተላኩት አንዷ እኔ ነበርኩ። በደረስኩ ዕለት አበሉኝ፣ በማግስቱ ሽርጥ አስታጥቀው ሸራ ወጥሪ አሉኝ። ደስታዬን የምችልበት አጣሁ።

ዛሬ እዚሁ ክፍል ውስጥ አስተምራለሁ፣ እኮራበታለሁም። ወጣቱ መምህር ጥናቱን ሲጨርስ እጄን አውጥቼ፣ ማረፊያው ይታደስ፣ ግን እንግዶቹ በመጡ በማግስቱ ሥራ ይሰጣቸው አልኩ። ተማሪዎቼን በየዓመቱ የማዛቸው ይህንኑ ነው። ነውር አይደለም ወይ እያሉ ይከራከሩኛል። እኔም ነውር መሆኑን አልክድም፣ ብቻ እንዲለምዱት እነግራቸዋለሁ። አምና ከውጭ መጥታ አብራን የከረመች ልጅ ልትሄድ ስትል ጥብቅ አድርጋ አቅፋኝ፣ «በሕይወቴ እንደዚህ ደክሞኝ አያውቅም» አለችኝ። ብዙ ምስጋና ሰምቻለሁ፣ እንደዚያ ያለ ግን አልሰማሁም።