አርባ ሁለት ቀን ከበር ውጭ

ኮማንግ ሱርቲኒ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ቀን ነው የኖረችው። ጠዋት የዋሻው ቤተ መቅደስ፣ እኩለ ቀን የባቱር እሳተ ገሞራ፣ ከሰዓት በኋላ በገደሉ ሥር ከአለት የተፈለፈሉት የጥንት ነገሥታት መታሰቢያዎች፣ ከዚያ እንግዶቹን ሆቴላቸው መመለስ። ሰዎቹ ይለዋወጣሉ እንጂ ቀኑ ያው ነው። የት ላይ እንደሚስቁ፣ የት ላይ ውሃ እንደሚጠማቸው፣ የት ላይ «ሽንት ቤቱ በየት ነው?» እንደሚሉ እንደ ውሃ ጠጥታዋለች። ጎረቤቶቿ «ኮማንግ ተኝታም ታስጎበኛለች» እያሉ ያሾፉባታል። ለወትሮው ቀልድ ነበር፤ በዚያ ማክሰኞ ግን እውነት ሆነ።

ዓርብ ዕለት ፅንስ ጨንግፎባታል። አሥር ሳምንቱ ነበር። ባሏ ካደክ የመንገደኞች መርከብ ላይ ወጥ ሠሪ ነው፤ ሁለት ወር ሆነው ከሄደ፣ ሰባት ወር ይቀረዋል። በተጋቡ በስምንት ዓመታቸው የመጣ ልጅ ነበር። ቀድሞ ሁለት ጊዜ ቸኩላ «አርግዤ ሳይሆን አይቀርም» ብላ አፍራለችና ይኸኛውን ሦስት ወር እስኪሞላው ለማንም፣ ለካደክም ቢሆን ላትናገር ምላ ነበር። ብቻዋን አዋላጇ ዘንድ ሄደች፣ ብቻዋን ተመለሰች። «ሁሉም ወጥቷል፣ ዕረፊ» ተባለች። ቅዳሜ ዐረፈች። እሑድ ልታለቅስ ፈለገች፣ አልመጣላትም። ሲቀመጡበት ቆይተው እንደ ደነዘዘ እግር ሆነባት፤ የራሷ ነው፣ ግን የራሷ አይመስልም። ሰኞ «ማንም ካላወቀ፣ አልሆነም ማለት ነው» ብላ ቆረጠችና ነገሩን በዚያው ልትዘጋው አሰበች።

የሚያስቸግራት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ እሱም በር ነው። ፅንስ የጨነገፈባት ሴት አርባ ሁለት ቀን ቤተ መቅደስ አትረግጥም። የኮማንግ እንጀራ ደግሞ ቤተ መቅደስ ነው። አንድ ቀን ውጭ ብትቆም የወር አበባ ነው ይባላል። ሳምንት ካለፈ ግን አስጎብኚዎቹ ይጠያየቃሉ፣ ወሬው ገበያ ይወርዳል፣ ከገበያ አማቷ ጓሮ ለመድረስ እግር አያስፈልገውም። ከገባች ግን ምንም አልሆነም። ከገባች ልጅም አልነበረም።

ማክሰኞ ማለዳ እንደ ልማዷ በዘንባባ ቅጠል የተሠራችውን የአበባ መሥዋዕት ይዛ ግቢያቸው ውስጥ ካለው መሠዊያ ፊት ቆመች። አማቷ ከኩሽና ብቅ አሉ።

«ፊትሽ አመድ መስሏል። የወር አበባሽ ነው እንዴ? ከሆነ ከዚያ ራቂ።»

«አይደለም እማዬ። እንቅልፍ አጥቼ ነው።»

«ባል አጠገብሽ የለ፣ ማን ነሳሽ?» አሉና በራሳቸው ቀልድ ራሳቸው ሳቁ።

ኮማንግ አበባውን አስቀምጣ፣ ውሃውን ረጭታ ወጣች። ሳትነጻ መሠዊያው ፊት ስትቆም ይህ አራተኛ ቀኗ ነው።

የዕለቱ እንግዶቿ ሁለት ሆላንዳውያን ነበሩ፤ ያፕ የተባለ ጡረታ የወጣ የሒሳብ አስተማሪና ሚስቱ ቲኔከ። ያፕ ከማይጠይቅ ቢሞት ይመርጣል። ሆቴሉ በር ላይ ስሟን ሲሰማ ኮማንግ ምን ማለት እንደሆነ ጠየቀ፤ አፏም የዘወትሩን ጨዋታ በራሱ ጊዜ ጀመረ።

«እኛ ጋ ስም ማውጣት አያደክምም» አለች መኪናዋን እያስነሳች፣ አንድ እጇን ዘርግታ። «አውራ ጣት፣ የመጀመሪያ ልጅ፣ ዋያን። ሌባ ጣት፣ ሁለተኛው፣ ማዴ ወይም ካደክ። መሃል ጣት እኔ ነኝ፣ ኮማንግ። የቀለበት ጣት ክቱት። ወንድ ይሁን ሴት ያው ነው።»

«አምስተኛውስ?»

«ተመልሶ ዋያን! አምስት የሚወልድ ሰው ስም የሚፈልግበት ጊዜ የለውም።»

ቲኔከ ሳቀች። ሁሌም እዚህ ጋ ይሳቃል። ያፕ ግን ጣቶቹን አንድ በአንድ እያጠፈ ሲያስብ ቆየና «የመጀመሪያው ቢሞትስ?» አለ። «ሁለተኛው ዕድገት ያገኛል? ዋያን ይሆናል?»

«አይሆንም» አለች ኮማንግ። «ቁጥሩ ቦታውን አይለቅም።»

ይህን ያለችው አፏ ነው። እሷ የፊቷን መንገድ እያየች ነበር።

ዋሻው ጋ ሲደርሱ ሁለቱንም ሽርጥ አስታጠቀቻቸው፤ የራሷን ቢጫ መቀነት ወገቧ ላይ አጠበቀች። ያፕ በሩ አጠገብ ያለውን ሰሌዳ አይቶ ቆመ። ኮማንግ ይህን ሰሌዳ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ በአጠገቡ አልፋለች፤ ጮክ ብሎ ሲነበብ ግን ሰምታ አታውቅም።

«እነዚህ እንዳይገቡ» አነበበ ያፕ፣ ተማሪ ፊት እንደቆመ ሁሉ። «የወር አበባ ላይ ያለች ሴት። ቤተሰብ ሞቶበት ሐዘን ላይ ያለ። ከወለደች አርባ ሁለት ቀን ያልሞላት። ፅንስ ጨንግፎባት አርባ ሁለት ቀን ያልሞላት።» ዞር አለ። «የወለደችውና የጨነገፈባት እኩል ናቸው?»

«እኩል ናቸው።»

«አሥር ቀንም ሆነ ዘጠኝ ወር?»

«እኩል ነው፣ አቶ ያፕ።»

«እና ማን ያውቃል? በር ላይ ማን ይፈትሻል?»

«ማንም አይፈትሽም። እያንዳንዱ ራሱን ያውቃል» አለች። ይህም የቆየ መልሷ ነው። «ሳይነጻ የገባ ካለ ግን ቦታው ይረክሳል። መንደሩ በሙሉ ወጥቶ ማንጻት አለበት።»

ይህን ብላ ገባች።

እርግጥ ሰማይ ይናዳል ብላ አልጠበቀችም። የሆነ ነገር ግን ጠብቃለች፤ ድንጋጤ፣ ቢያንስ ላብ። ምንም አልነበረም። በዋሻው አፍ ላይ የተቀረጸው ፊት እንደ ወትሮው አፈጠጠባት፤ ከድንጋይ በተቀረጹት ሴቶች እጅ ውሃው ይወርዳል፤ ሰው ፎቶ ይነሳል። የዋሻውን ታሪክ አንድ ቃል ሳትስት ተናገረች። ስትወጣ በረኛው «ዛሬ ደግሞ ምን አጠፋንና ነው የማትቀልጂብን?» አላት። «ነገ እጥፍ አድርጌ እከፍልሃለሁ» አለችው። እንዲህ ቀላል ከሆነ፣ አለች በልቧ፣ አለቀ። ያም ቢሆን ደስ አላላትም።

ወደ ባቱር የሚወስደው ዳገት ላይ ቲኔከ አንቀላፋች። ከተራራው ጠርዝ ሲደርሱ ጭጋጉ ተገልጦ ሐይቁም እሳተ ገሞራውም ቁልጭ ብለው ታዩ፤ ከአፉ ጎን ቀጭን ጭስ ይወጣል። ምሳ በሉ። ኮማንግ ሩዙን በሹካ ከወዲያ ወዲህ ስታደርገው ቆይታ ሳህኑን መለሰች። ከዚያ ወርደው ጥቁሩ ድንጋይ እስከ ዓይን መጨረሻ የተዘረጋበት ሜዳ ጫፍ ላይ ቆሙ።

«እዚህ ሥር መንደር አለ» አለች። «በአያቶቻችን ጊዜ መጀመሪያ የመጣው እሳት እየወረደ እየወረደ ቤተ መቅደሱ በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ሰዉ ተረፍን ብሎ እዚያው ኖረ። ሁለተኛው ሲመጣ ገባ። አሁን ቤተ መቅደሱ ከላይ ጠርዙ ላይ ነው፤ ተሸክመውት ወጡ።»

«ሲቀዘቅዝ ስንት ጊዜ ይፈጅበታል?» አለ ያፕ።

«ላዩ ቶሎ ነው። ይረግጡታል፣ ይሄዱበታል። ውስጡ ግን ዓመታት ይፈጅበታል ይላሉ።»

ያፕ ጎንበስ ብሎ አንዲት ጥቁር ጠጠር አነሳና ኪሱ ከተተ። ኮማንግ ሌላ ጊዜ ቢሆን «ይመልሱ! ተራራው ባለቤት አለው!» ብላ ታስደነግጠው ነበር። አየችው፣ ወደ መኪናዋ ዞረች። ቢወስድስ፣ ባይወስድስ።

ከሰዓት በኋላ የነገሥታቱ መታሰቢያ ጋ ደረሱ፤ እሱም ሳይነጹ የማይገቡበት ቅዱስ ስፍራ ነው። ወደ ገደሉ የሚያወርደው የድንጋይ ደረጃ ጫፍ ላይ፣ ዛፍ ሥር፣ ለእንግዳ ሽርጥና መቀነት የሚያውሱት ሴትዮ እንደ ሁልጊዜው ተቀምጠዋል። ስማቸውን የሚያስታውስ የለም። እንደ አገሩ ልማድ በልጃቸው ነው የሚጠሩት፤ የማዴ ሪንቲ እናት። ምላሳቸው ያቃጥላል እንጂ ኮማንግን ይወዷታል።

«መጣች የሰው ልጅ አዟሪ!» አሉ ገና ከመኪና ስትወርድ። «የሰውን ልጅ ከባሕር ማዶ ታመጫለሽ፤ የራስሽን መቼ ነው የምታመጪልን?»

ስምንት ዓመት፣ በሳምንት ሦስት ጊዜ። መልሱም «መርከቧ ስትመለስ» ነው። ዛሬ ወደ ደረጃው አለፈች።

ያፕ ቀድሞ ወረደ። ደረጃውን ሊቆጥር ነው፤ «አንድ! ሁለት! ሦስት!» ይላል ጮክ ብሎ፣ ቲኔከ ከኋላው ትስቃለች። ኮማንግ መጀመሪያው ደረጃ ጫፍ ላይ ቆማ እግሯን ልታነሳ ነበር። አልተነሳም። «አራት! አምስት!» ጠዋት መኪና ውስጥ አፏ የተናገረው አሁን ጆሮዋ ገባ። ቁጥሩ ቦታውን አይለቅም።

«እናንተ ውረዱ!» ብላ ጮኸች። «መንገዱ አንድ ነው፣ አትጠፉም። እዚህ እጠብቃችኋለሁ።»

የማዴ ሪንቲ እናት የሚያጥፉትን ሽርጥ ጭናቸው ላይ አድርገው አዩዋት።

«እግርሽ ነው?»

«አይደለም እማማ።»

«የወር አበባሽ ነው?»

አዎ ብትል ያልቅ ነበር። ውሸቱ ተዘጋጅቶ ምላሷ ላይ ተቀምጧል፤ ማንም አይጠራጠርም፤ ነገ ደግሞ ነገ ነው። መቀነቷን ፈታች። በጥንቃቄ አጥፋ ሴትዮዋ ጭን ላይ ካሉት ጨርቆች ጋር አስቀመጠችው።

«አርባ ሁለት ቀን ነው፣ እማማ። አራቱ ሄዷል።»

ሴትዮዋ የተቀመጡባትን ዱካ ለቀው መሬት ላይ ቁጭ አሉና ዱካዋን በእጃቸው መታ መታ አደረጓት። ኮማንግ ተቀመጠች።

«ማን ያውቃል?»

«እርስዎ ብቻ።»

«ባልሽም? አማትሽም?» ኮማንግ እንደማያውቁ ራሷን ነቀነቀች። «ጠዋት ዋሻው ጋ ነበርሽ አይደል?»

«ገብቻለሁ።»

«ውይ አንቺ ልጅ! ገብተሽ ምን ሆንሽ?»

«ምንም አልሆንኩም። እሱ ነው የባሰብኝ።»

«ይነገራቸዋል፣ ያነጹታል። ድንጋይ ነው፣ ይታጠባል። ይህን ያህል አያሳስብሽ። አማትሽ ግን ከገበያ ከምትሰማው ካንቺ ትስማ፤ ዛሬውኑ። ለመርከበኛውም ደውዪለት።» ወደ እሷ ዞር አሉ። «ስንተኛሽ ነው?»

«ምን ስንተኛ አለው እማማ? አሥር ሳምንት እኮ ነው። ገና ምንም…»

«ስንተኛሽ ነው አልኩሽ።»

«የመጀመሪያዬ።»

«እንግዲያው ዋያን ነው።»

ኮማንግ ቀና ብላ አየቻቸው።

«አይቆጠርም የሚሉ አሉ» አሉ ሴትዮዋ። «ይበሉ። እኔ እቆጥራለሁ። ልጄ ማን ትባላለች?»

«ማዴ ሪንቲ።»

«ስንት ልጅ አለኝ?»

«አንድ» አለችና አፏ ክፍት እንዳለ ቀረ። ማዴ ሁለተኛ ልጅ ነው። አሥራ አንድ ዓመት በዚህ ስም ጠርታቸዋለች፤ ለእንግዳ ሁሉ ጣቷን እየቀሰረች ቁጥሩን አስተምራለች፤ አንድም ቀን አስልታው አታውቅም።

«ሠላሳ አራት ዓመት» አሉ። «ይኼ ሁሉ ሰው ማዴ፣ ማዴ ሲል አንድ ሰው እንኳ ዋያኑ የት ሄደ ብሎ ጠይቆኝ አያውቅም። ስሚኝ። ሌላ ሲመጣልሽ ማዴ ነው የምትይው። የፊቱ ቦታ ሰው አለው።»

ያን ጊዜ ሆዷን አመማት። ሲቆርጣት አልነበረም፤ ዝቅ ብሎ፣ ከባድ ሆኖ አመማት። ከዓርብ ወዲህ የራሷ አካል እንደሆነ የተሰማት ገና አሁን ነው። ዱካዋ ላይ ኩርምት ብላ በሁለት እጇ ያዘችው። ሴትዮዋ «አይዞሽ» አላሏትም፤ ሽርጣቸውን ማጠፍ ቀጠሉ፤ እንግዳ ሲመጣ እያስታጠቁ በሌላ ወገን ያሳልፋሉ።

ከአንድ ሰዓት በኋላ ያፕ ላብ በላብ ሆኖ ብቅ አለ።

«ሰነፍ!» አለ እየሳቀ። «እኛን ገደል ከትታ አስጎብኚያችን ጥላ ሥር!»

«ሐዘን ላይ ነኝ አቶ ያፕ። መግባት የለብኝም። ጠዋት ሰሌዳው ላይ አንብበውታል።»

ሳቁ ከፊቱ ሳይጠፋ ቆመ። «ይቅርታ… ማን ሞተብሽ?»

«ዋያን።»

የትኛው ዋያን ሊል አፉን ከፈተ፤ አገሩ በሙሉ ዋያን እንደሆነ ነግራዋለችና። ከዚያ የሒሳብ አስተማሪው እጅ በራሱ ጊዜ፣ ጠዋት እንዳሳየችው፣ መቁጠር ጀመረ። አውራ ጣቱ ቀና አለ። ሌሎቹ አልተከተሉም። ጣቱን አየ፣ እሷን አየ፣ በሁለት እጇ የያዘችውን ሆዷን አየ።

«አዎ» አለችው ኮማንግ። «እሱ ነው።»