አያቴ «ያዝልኝ» ይሉን ነበር

አያቴ ግራ እጃቸውን ድንበር ላይ ሲዋጉ አጥተው ነው ወደ ሆሳዕና የተመለሱት። ስለ ጀግንነታቸው አንድም ቀን አውርተውልን አያውቁም። እኔና ወንድሜ በፖለቲካ ስንጯጯህ ከሰሙ ግን ሁለታችንንም ጓሮ ይወስዱንና የእንሰት ችግኝ አንስተው «ያዝልኝ» ይላሉ። አንዱ ችግኙን ቀጥ አድርጎ ይይዛል፣ ሌላው አፈር ይመልሳል።

«እጄን ያጣሁት እናንተ እርስ በርስ እንድትበላሉ አይደለም» ይሉን ነበር።

ከምርጫው ክርክር ወዲህ ከወንድሜ ጋር ሰላምታ እንኳ አቁመን ነበር። አያቴ ሲሞቱ አብዝቶ ያስለቀሰኝ፣ ከእንግዲህ ማን ይጠራናል የሚለው ነው።

በተቀበሩ በሦስተኛው ቀን ጓሮ ስገባ፣ አያቴ ቆፍረው የተዉት ጉድጓድ ዳር ወንድሜን ችግኝ ይዞ ብቻውን ቆሞ አገኘሁት። ቀና ብሎ ሳያየኝ ችግኙን ዘረጋልኝ።

«ያዝልኝ» አለ።

ያዝኩለት። ዛሬም በፖለቲካ አንስማማም፤ እንሰቱ ግን አዲስ ቅጠል አውጥቷል።