የባለቤቴ አባት ፍሪጌት ላይ የወጡ ቀን

ትናንት ከሰዓት... እዚህ ሲያትል ወደቡ ላይ፣ ወደ ጦር መርከብ የሚያስገባው መሰላል ጫፍ ስንደርስ የባለቤቴ አባት ቀጥ ብለው ቆሙ። ከኋላችን ያለው ሰልፍ መንገዱን ሞልቷል። እሳቸው ንቅንቅ የለም።

«አባባ፣ አዞረዎት እንዴ?» ብዬ ክንዳቸውን ያዝኩ።

«ልቀቀኝ! ለባንዲራው ነው።»

ለካ መርከብ ላይ የሚወጣ ሰው መጀመሪያ ወደ መርከቧ ኋላ፣ ባንዲራው ወደተሰቀለበት ዞሮ ይቆማል። መርከቧ ለጉብኝት የመጣች የካናዳ ፍሪጌት ናት። በሩ ላይ የነበረው ወጣት መርከበኛ ነገሩ ገባውና ወታደራዊ ሰላምታ ሰጣቸው። የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ሶሊ አፏን ከፍታ ታያለች። እኔም በሆዴ «እንዴ... እውነታቸውን ነው?» አልኩ።

ነገሩ እንዲህ ነው። አማቴ ጋሽ ታደለ እኛ ጋ ሌክ ሲቲ ሰፈር መኖር ከጀመሩ ሁለት ዓመታቸው ነው። ድሮ የኢትዮጵያ ባህር ኃይል ባልደረባ ነበሩ። ከሶቭየት ስለመጡልን ሁለት እህትማማች ፍሪጌቶች ወሬ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። ሰርጓጅ መርከብ ለማደን የተሠሩ እንደነበሩ፣ ሁለት የጋዝ ተርባይንና አንድ የናፍጣ ሞተር እንደነበራቸው፣ እሳቸው ደግሞ የሞተር ክፍሉ መሐንዲስ እንደነበሩ... እኔ ግማሹን አምኜ፣ ግማሹን ለጨዋታ ማድመቂያ ነው ብዬ እሰማለሁ።

ሶሊ ግን ሁሉንም አምና ትምህርት ቤት ክፍሏ ውስጥ አወራች። አንዱ ልጅ ካርታ አውጥቶ ኢትዮጵያ ባህር እንደሌላት አሳያት። ተሳቀባት። ቤት መጥታ «አባባ፣ ዲድ ዩ ሜክ ኢት አፕ? ፈጥረውት ነው?» አለቻቸው።

«ያኔ ነበረን፣ ልጄ» አሉ።

አላመነቻቸውም። ከዚያ ወዲህ ስለ መርከብ ሲጀምሩ ተነስታ ክፍሏ ትገባለች። እሳቸውም ማውራት ተዉ። ስለዚህ መርከቧ መምጣቷን ስሰማ፣ እዚሁ ሲያትል ሶዶ ሰፈር ከምሠራበት መጋዘን ኦፍ ጠይቄ ሁለቱንም ይዤ ሄድኩ።

አስጎብኚው መርከበኛ እያዞረን ያስረዳል። ይቺ ፍሪጌትም መጀመሪያ የታሰበችው ሰርጓጅ ለማደን ነው። ብዙ እህቶች አሏት። ራዳሩም ኮምፒውተሩም ተቀይሮላት እስካሁን ታገለግላለች፤ ግን አርጅታለች፣ ተተኪዎቿ እየተዘጋጁ ነው። ከዚያ ስለ ሞተሯ ተናገረ... ሁለት የጋዝ ተርባይንና አንድ ናፍጣ!

«እንደኛዋ!» ብለው ጋሽ ታደለ ጮኹ። ሶሊ በኩራት ተረጎመች። አስጎብኚው ደስ ብሎት የሞተር ክፍል አለቃዋን ጠራልን። እጇ ግራሶ የነካው፣ ፈገግተኛ ሴትዮ ናት።

«ከናፍጣው ወደ ተርባይኑ ስትቀይሩ እንዴት ነበር የምታደርጉት?» ብላ ጠየቀቻቸው። ሶሊ ተረጎመችና መልሱን ጠበቀች።

ጋሽ ታደለ ላብ በላብ ሆኑ። አንዴ ሴትዮዋን፣ አንዴ ሶሊን አዩ። እኔ በሽማግሌው ፋንታ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ወደድኩ።

«ሶሊዬ...» አሉ በመጨረሻ። «እኔ ሞተር ክፍል አልነበርኩም። ወጥ ቤት ነበርኩ።»

ወጥ ቤት! ሁለት ዓመት ሙሉ እኔ ከሥራ መጥቼ ሳበስል ሪሞት ይዘው ሶፋ ላይ የሚጠብቁኝ ሰውዬ!

«ታዲያ ሞተሩን እንዴት አወቁት?» አልኳቸው።

«ናፍጣው ሲሠራ የድስቱ ክዳን ሁሉ ይንጫጫል። ክዳኑ ዝም ካለና ወለሉ ወደ ኋላ ከጎተተህ ተርባይኑ ተነስቷል ማለት ነው። ያኔ ድስትህን ቶሎ ካልያዝክ ወጡ ግድግዳ ላይ ነው።»

ሶሊ ቃል በቃል ተረጎመችው። አለቃዋ ከልቧ ሳቀች። የኛም ወጥ ቤት እንደዚሁ ይላል ብላ ወደ ውስጥ ተጣራች። ሽርጥ የታጠቀ ግዙፍ ሰውዬ ወጣ። ከዚያማ... በሶሊ አስተርጓሚነት ሁለቱ ስለ ማዕበልና ስለ ድስት ሲያወሩ ጎብኚው ሁሉ በአጠገባችን አለፈ። ሾርባ አቀመሳቸው።

«ጨው ያንሰዋል በይው» አሉ ኮስተር ብለው።

ሰውዬው ቀመሰና ጨመረ።

መኪና ውስጥ ግን ጨነቃቸው። «ብሩክ፣ በሞቴ፣ ለሚስትህ እንዳትነግራት» አሉኝ።

«ምን አለበት አባባ?»

«እናቷን ሳገባ ሽማግሌዎቹ ወጥ ቤት ነው ካልን አይሰጡንም ብለው የሞተር መሐንዲስ አሉኝ። እንደዛው ቀረሁ። ሽንኩርት ስከትፍ እጄ እንዳያጋልጠኝ፣ አርባ ዓመት ማጀት አልገባሁም።»

እኔ ገና «አልናገርም» ልል ስል፣ ሶሊ ከኋላ ስልኬን ይዛለች።

«ማሚ! ገስ ዋት! አባባ ዋርሺፕ ላይ ሼፍ ነበሩ! ኖ ኖ... ኢንጂነር አይደለም፣ ሼፍ! ሞተሩን በድስት ነው የሚያውቁት!» ድምጿ ውስጥ ያለው ኩራት... እኔ አባቷ እንኳን እንዲህ ተኮርቶብኝ አያውቅም።

ከዚያ ስልኩን ጆሮዬ ላይ አድርጋ እናቷን አሰማችኝ። ጋሽ ታደለ ወደኔ ጠጋ ብለው በሹክሹክታ «ሚስትህ ምን አለች?» አሉኝ።

«የነገ ምሳ የእርስዎ ነው ብላለች።»

ወደ መስኮቱ ዞሩና «ኪችኑ ውስጥ ደህና ቢላ አለ?» አሉ። እንዲህ ደስ ብሏቸው አይቻቸው አላውቅም።

እነሆ ዛሬ እሁድ ነው፤ ይሄን የምጽፍላችሁ አይኔን እየጠረግኩ ነው። አርባ ዓመት የተደበቀ ሙያ ሲገለጥ፣ ለካ ሽንኩርት የሚልጠው አማቹ እኔ ነኝ።