ሊማሊሞ ላይ ውረዱ

አጎቴ ከጎንደር ዛሪማ ሚኒባስ ይነዱ ነበር። እኛ አያ እንላቸዋለን። ሊማሊሞ ገደል አፋፍ ሲደርሱ ሞተሩን ያጠፉና "ውረዱና እዩ!" ይላሉ። ጫካውን፣ ሣር የሚነጩትን ጭላዳ ዝንጀሮዎች፣ ታች ጭጋግ ውስጥ የሚጠፋውን መንገድ ያሳያሉ።

"ምነው አያ፣ መሸብን እኮ!" ይላል አንዱ ተሳፋሪ።

"ይኸን ሳታይ ዛሪማ ብትገባ ምን ልታወራ ነው?"

ጸጥታው ደፍርሶ መንገዱ ሲዘጋ መኪናዋ አዘዞ ግቢያችን ውስጥ፣ ፊቷን ወደ ግንቡ አጥር እንዳዞረች ቀረች። እሳቸው ግን ጠዋት ጠዋት ገብተው መሪውን ይይዛሉ። እኔም ከኋላ እቀመጣለሁ። አጥሩን እያዩ መታጠፊያውን ሁሉ ይነግሩኛል፤ ሊማሊሞ "ስንደርስ" ፍሬን ይረግጡና "ውረጂና እዪ" ይሉኛል። እወርድና ግንቡን አያለሁ።

"ሸጋ ነው አያ" እላቸዋለሁ።

ባለፈው ሳምንት ቀበርናቸው። ዛሪማ ያሉት እህቶቻቸው መንገዱ እንደተዘጋ ስለሆነ አልደረሱም። ዛሬ ጠዋት እንደልማዴ ከኋላ ገብቼ ተቀመጥኩ። የሹፌሩ ወንበር ባዶ ነው፤ ከፊቱ ያው አጥር አለ። እናቴ ለምሳ ብትጠራኝም አልተነሳሁም። ውረጂ የሚሉኝ አያ ነበሩ።