እናቴን እጠይቃለሁ

ወደ ደብረ ማርቆስ ተዛውሬ የመጣሁት በሦስተኛ ዓመት ትምህርቴ ነው። ኅዳር ነበር፤ አበባ የሚባል ከሜዳው ጠፍቷል። የዕፅዋት መምህራችን ግን ሠላሳ ተክል ለቅሞ፣ በጋዜጣ መካከል አድርቆ፣ በየካርቶኑ ለጥፎ ያላስረከበ እንደሚወድቅ ነገረን። ከወደቅሁ ዓመቱን እደግማለሁ።

የቤተ ሙከራው ሠራተኛ፣ ሽምግልና የተጫናቸው ሰው፣ ጭንቀቴን አይተው ደረቅ ተክል የተለጠፈበት አንድ እስር ካርቶን ሰጡኝ።

«ውሰደው። ባለቤቱን ክረምት ላይ ወንዝ ወስዶታል።»

«ነውር አይሆንም፣ ጋሼ?»

«ነውሩስ ብል ሲበላው ነው።»

የልጁ ጽሕፈት ደቃቅና ቀጥ ያለ ነበር። ሠላሳውንም መግለጫ በአዲስ ወረቀት ገለበጥሁ፤ የተለቀመበትን ቦታ፣ አፈሩን፣ የአበባውን ቀለም። «ሰብሳቢ» በሚለው መስመር ላይ ብቻ የኔን ስም ጻፍሁ። ከቀረው ነጠላ ሰረዝ እንኳ አላጎደልሁም። ጥፋቴም እሱው ሆነ።

መምህሩ በክፍሉ ፊት ሲያገላብጥ አሥራ ዘጠነኛው ላይ ቆመ።

«የአገሬው ስም፦ እናቴን እጠይቃለሁ» ብሎ አነበበ። ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። «እና እናትህ ምን አሉህ?»

«ገና አልጠየቅኋትም።»

«እስከ ሰኞ ጠይቃቸው። ያለ ስም አልቀበልህም።»

ማንንም ብጠይቅ ይነግረኝ ነበር። ያች ዐረፍተ ነገር ግን በማላውቀው ሰው ድምፅ ጆሮዬ ውስጥ ትመላለስ ጀመር። ቅዳሜ ዕለት፣ በመግለጫው ላይ የተለቀመበት ቦታ ወደ ተባለው፣ ሮብ ገበያ ወደሚሉት ከተማ ሄድሁ። ወንዝ የወሰደውን ተማሪ ቤት የማያውቅ አልነበረም።

እናቱ ጥቁር ለብሰዋል። ከልጅዎ ጋር እማር ነበር አልኋቸው፤ አይቼው አላውቅም። የሰጠኋቸውን አሥራ ዘጠነኛውን ካርቶን ወደ በሩ ብርሃን አዘነበሉት።

«እንሶስላ አይደለች እንዴ! አይ ወንድ ልጅ፤ ሥሯን ስንወቅጥ እያየ አድጎ አበባዋን አላወቃትም።» የእንሶስላ ቀለሙ የለቀቀ መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። «እሱ ከሄደ ወዲህ አልሞቅሁም።»

ከዚያ ጣታቸውን ጽሑፉ ላይ አሳረፉ።

«እኔ ፊደል አልቆጠርሁም። ማን ለቀማት ይላል?»

ጣታቸው ያረፈው በኔ ስም ላይ ነበር። የሱን ስም አነበብሁላቸው።

«እስቲ ድገምልኝ፣ የኔ ጌታ።»

ደገምሁ። ሦስተኛ ጊዜም አስደገሙኝ።

ሰኞ ዕለት «እንሶስላ» ብዬ ሞልቼ አስረከብሁ፤ አለፍሁም። ካርቶኖቹን መምህሩ ዛሬም ለአዲስ ተማሪዎች በምሳሌነት ያሳያቸዋል። ሰብሳቢው እኔ ነኝ።