ሰደርያ ካልለበሳችሁ ገመድ አንነካም

ማርጀሪ ስቶር የባሏን መረብ ስትጠግን የኖረች ሴት ናት። በእንግሊዝ ባሕር ዳር ባለችው መንደራቸው በሃውክስዊክ ዋና የሚችል ዓሣ አጥማጅ አልነበረም፤ ባሏ ኩትበርትማ ጭራሽ፣ «ባሕሩ ከፈለገኝ ምን ያንፈራግጠኛል?» ይል ነበር። ይህን በሰማች ቁጥር ደሟ ይፈላል። አባቷንም ወንድሟንም ባሕር በልቶባታል፤ የቀራት እሱ ብቻ ነው።

በዚያ ዓመት ለመንደሩ የነፍስ አድን ጀልባ ሰውን ውሃ ላይ የሚያንሳፍፍ አሥራ ሦስት የቡሽ ሰደርያ ከለንደን ተላከ። ወንዶቹ ለበሱና ተያይተው በሳቅ ፈረሱ። «መንታ ነው ያረገዝከው?» ተባባሉ። ከዚያ ምን ቢያደርጉ ጥሩ ነው? ቡሹን እየፈቱ መረባቸው ላይ አሰሩት። መረብ እንዳይሰምጥ ቡሽ ያስፈልገዋላ፤ ሰው ግን አያስፈልገውም። ጉድ እኮ ነው።

«እሱን ለብሶ መቅዘፍ አይቻልም። ደግሞ ፈሪ አይደለሁም» አላት ኩትበርት ብትለምነው። ሄሪንግ የሚባለው ዓሣ የሚጠመድበት ወራት አልፎ መረቡ ቆጥ ላይ ሲወጣ ግን ጎረቤቶቿን አስተባበረችና ቡሹን አንድ በአንድ ፈትተው ሰደርያው ላይ መልሰው ሰፉት።

ጥር ላይ አንድ ቀን ረፋዱ ላይ፣ ከሰል የጫነች መርከብ ከመንደሩ ፊት ለፊት አለት ላይ ወጣች። ሰዎቿ ምሰሶው ላይ ተንጠልጥለው ይታያሉ። በሃውክስዊክ ወንዶቹ ሳይረጥቡ ጀልባዋ ላይ ይቀመጣሉ፤ በገመድ ጎትተው ማዕበሉ ውስጥ የሚያስገቧቸው ሴቶቹ ናቸው። ያን ቀን ወንዶቹ ተቀመጡ፣ ገመዱን ግን የሚያነሳው ጠፋ።

የጀልባዋ አለቃ የማርጀሪ አጎት ራልፍ ነበር። «ምን ትጠብቂያለሽ ልጄ? ሳቡ እንጂ» አላት።

«ሰደርያውን ልበሱ አጎቴ፤ እንስባለን።»

«የቱን ሰደርያ? ቡሹ መረብ ላይ ነው እኮ።»

ሴቶቹ ሰደርያዎቹን ከየሽርጣቸው ሥር አወጡ። አሥራ ሦስቱም ሙሉ ነበሩ።

«አንቺ ሴትዮ፣ ሰው እየሞተ ነው» አለ ኩትበርት በንዴት።

«አውቃለሁ። ለዚህ ነው ቶሎ ልበስ የምልህ።»

እምቢ ቢላት ገመዱን ማንሳቷ አይቀርም፤ መርከበኞቹም እናት አላቸው። ደግነቱ እሱ ይህን አላወቀባትም። አጎቷ ቀድሞ ለበሰ፤ ሌሎቹ እያጉረመረሙ ተከተሉት። ሴቶቹም እስከ ወገባቸው ውሃ ገብተው ሰደዷቸው።

መርከቧ ጋ ሳይደርሱ አንድ ማዕበል ጀልባዋን ገለበጣት። ጀልባዋ ስትሠራ ራሷን እንድታቃና ነውና ወዲያው ቀና አለች፤ ግን ባዶዋን። ማርጀሪ አሸዋው ላይ ተቀመጠች። ቀና ስትል አንድ ጭንቅላት ብቅ አለ፣ ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ ብዙ። ሰደርያው እስከ ደረታቸው ከውሃው በላይ አንሳፏቸዋል። አንዱ ሌላውን እየጎተተ ተሳፈሩና ቀዘፋቸውን ቀጠሉ።

ሰባት መርከበኞች ይዘው ተመለሱ። ከራሳቸው ሰው አንድም አልጎደለም። ተመስገን፣ ተመስገን አለች ማርጀሪ።

ኩትበርትን እቤት አስገብታ እሳት ዳር አስቀመጠችው። ጥርሱ ይንገጫገጫል። የሰደርያው ማሰሪያ ውሃ ጠጥቶ አልፈታ ስላላት ቢላ አነሳች። እጇን ያዛት።

«እንዳትቆርጪው የኔ ሆድ። ለብሼው እተኛለሁ።»